ሞዛምቢክ ስትረጋጋ አንጎላ ለምን ተመልሳ ተቃጠለች?

የጉለሌው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ስለ ፕሪቶሪያው ስምምነት ስንነታረክ ሁላችንም የምናወራው ስለ ፈራሚዎቹ ነው። ማን ቃሉን ጠበቀ፣ ማን አጠፈ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከፊርማው በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከቤታችን ትንሽ ራቅ አድርጌ ልጀምረው። ቢያንስ አንሰዳደብም።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞዛምቢክና አንጎላን ውሰዱ። ሁለቱም በፖርቱጋል ሥር ነበሩ። ሁለቱም በ1975 ነፃ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ እርስ በርስ ተጋጠሙ። ሞዛምቢክ ውስጥ ፍሬሊሞ መንግሥት ሆነ፣ ሬናሞ ጫካ ገባ። አንጎላ ውስጥ ኤምፒኤልኤ ቤተ መንግሥት ያዘ፣ የጆናስ ሳቪምቢ ዩኒታ ጫካውን። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ሁለቱም ለድርድር ተቀመጡ። አንጎላ በሜይ 1991 ፈረመች። ሞዛምቢክ ደግሞ በኦክቶበር 1992፣ ሮም ላይ።

አንጎላ በሴፕቴምበር 1992 ምርጫ አካሄደች። ጦሮቹ ግን እንዳሉ ነበሩ። በወረቀት ተበትነዋል። መሬት ላይ ሳቪምቢ ሰዎቹን በየቦታው አስቀምጧል፣ መንግሥትም ጠንካራ ጠንካራዎቹን ወደ ልዩ ፖሊስ አዙሯል። ይህን ሁሉ እንዲከታተሉ ከተባበሩት መንግሥታት የተላኩት ወታደራዊ ታዛቢዎች 350 ገደማ ነበሩ። አንጎላ በቆዳ ስፋት ከኢትዮጵያ ትበልጣለች። ለዚያች ሀገር 350 ሰው!

ውጤቱ ሲነገር የኤምፒኤልኤው ፕሬዝዳንት ዶስ ሳንቶስ 49 ከመቶ ተኩል፣ ሳቪምቢ 40 ከመቶ ገደማ አገኙ። ሁለተኛ ዙር መደረግ ነበረበት። ሳቪምቢ ግን «ተጭበረበርኩ» ብሎ ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። መሃል ላይ በ1994 ሌላ ስምምነት ተፈርሞ እሱም ፈረሰ። መሣሪያው ዝም ያለው ሳቪምቢ በፌብሩዋሪ 2002 ከተገደለ በኋላ ነው።

ወደ ሞዛምቢክ የተላከው የተመድ ልዑክ ጣሊያናዊው አልዶ አጄሎ የአንጎላን ጉድ አይቶ ነው ሥራ የጀመረው። ጦሩ ሳይበተን ምርጫ አይታሰብም አለ። በ1993 ይደረጋል የተባለው ምርጫ ወደ ኦክቶበር 1994 ተገፋ። ሰላም አስከባሪው ከ6,000 በላይ ነበር። 49 ማሰባሰቢያ ካምፖች ተከፈቱ።

አሁን ወደ ወደድኩት ቦታ ልምጣ። የተሰናበተው ወታደር የሁለት ዓመት ደመወዝ ተሰጠው። የመጀመሪያውን ስድስት ወር መንግሥት፣ የቀረውን 18 ወር ለጋሾች ከፈሉ። ብሩን ግን አንዴ አፍሶ አይሄድም። ኩፖን ይይዛል። ኩፖኑ የሚመነዘረው ደግሞ «እዚህ እኖራለሁ» ብሎ ባስመዘገበው ወረዳ አቅራቢያ ባለ ባንክ ነው። ገባችሁ? ብሩን የፈለገ ሀገሩ ይገባል። ሀገሩ ከገባ ከአዛዡ ተለየ።

ደግሞ አዲሱ የጋራ ጦር 30,000 ሰው ይኖረዋል ተብሎ ነበር። ፈቅዶ የገባው 12,000 ገደማ ነው። የቀረው «በቃኝ» አለ። እንዲያውም በ1994 ካምፕ ውስጥ አመፅ የተነሳው «ቶሎ አሰናብቱን» በሚል ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሰላሙን ያቆመው ለተራው ወታደር የተሰጠው ገንዘብና ጊዜ ነው። ምርጫው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እናንተስ?

ቀጥተኛ

የጉለሌው፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ለፈረንጆቹ ግን ብዙ ሰጠሃቸው።

ሳቪምቢ ያመፀው ካምፕ ስላልተደራጀለት ነው እንዴ? ሰውዬው አልማዝ ነበረው። መንግሥት ነዳጅ ነበረው። አልማዝ ያለው ሰው ጥይት አያጣም። ሬናሞስ ምን ነበረው? መጀመሪያ ያቋቋመችው የነጮቹ ሮዴዥያ በ1980 ዚምባብዌ ሆና ቀረች። ከሷ የተረከበችው የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካም ራሷ ልትፈርስ ነበር። በዚያ ላይ የ1991-92 ድርቅ መጣ። ወታደሩ ሕዝቡን ቀምቶ የሚበላው አጣ። ሁለቱም ወገን ደክሞት ነው የፈረመው።

ደግሞ ለተራው ወታደር ተከፈለ አልክ። ለአለቆቹስ? ሬናሞ ፓርቲ እንዲሆን ተብሎ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ የያዘ ፈንድ ተከፍቶለታል። ቢሮ፣ መኪና፣ ማፑቶ ውስጥ ቤት። የሬናሞውን መሪ አፎንሶ ድላካማን ከጎሮንጎሳ ጫካ አውጥቶ ከተማ ያስቀመጠው እሱ ነው። እንደዚያም ሆኖ በምርጫው ዋዜማ «አልሳተፍም» ብሎ ሁሉንም ልብ ሰቅሎ ነበር።

የጉለሌው

ስለ አልማዙ አልከራከርህም። ሴራሊዮንም ግን አልማዝ ነበራት፣ በ2002 ጦርነቷ አበቃ። ስለዚህ አልማዝ ብቻውን አይወስንም። ስለ ፈንዱ ያልከው እውነት ነው። ለእኔ ነውር አይደለም ግን። 15 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ሳምንት ጦርነት አይበቃም።

ፒያሳ_ማኪያቶ

ምልክት ላድርግ ብዬ ነው። ቀጥሉ።

የወታደር_ልጅ

የኩፖኑን ነገር ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበር። የጦር ሠራዊት ሹፌር። በ1991 (በኛ 83) ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጦር ነው በአንድ ጊዜ የተበተነው። ያኔ የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች የሚቋቋሙበት ኮሚሽን ነበር። ገበሬ ለሆነው ዘር፣ መሣሪያ፣ አንዳንዱ ጋ በሬ ደርሷል። ስንዴም ለወራት ይሰፈር ነበር። ገጠር የገባው እንደምንም ከሕዝቡ ተቀላቀለ። ከተማ የቀረው ነው የተቸገረው።

አባቴ ከተማ ነበር። መንጃ ፈቃዱ የሠራዊት ነው፣ ወደ ሲቪል ይዞርልኝ ሲል አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከዋል። ቀጣሪ «የት ነበርክ?» ይለዋል። «ጦር ሠራዊት» ሲል ፊት ይዞራል። እናቴ እንጀራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ሰፈር ውስጥ ልጆች «የደርግ ልጅ» ይሉን ነበር። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

ከዚያ በ1998 (በኛ 90) ባድመ ተነሳ። ማን ተጠራ? አባቴ። «ልምድ ያለው ይፈለጋል» ተባለ። ሄደ፣ ተመለሰም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲመለስ ግን ሰፈሩ ተቀበለው። ፊት ያዞሩበት ሰዎች ናቸው እስከ አውራ ጎዳና ድረስ ወጥተው የጠበቁት።

እና የጉለሌው፣ ገንዘቡም ጊዜውም ጥሩ ነው። ሰውዬው ሀገሩ ሲገባ ጎረቤቱ በምን ዓይን ያየዋል የሚለውንም ጨምርልኝ።

ሰማያዊ_ቆብ

ልጆች፣ እኔ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ዛሬ ግን የማውቀው ነገር ተነሳ።

እኔ በ2004 ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ላይቤሪያ ነበርኩ። ምሥራቁ ክፍል፣ ዝዌድሩ አካባቢ። ከእኛ በፊት በዲሴምበር 2003 ሞንሮቪያ አጠገብ የመጀመሪያውን ትጥቅ ማስፈታት ጀምረው ነበር። መሣሪያ ያስረከበ ገንዘብ ያገኛል ተባለ። የተዘጋጁት ለጥቂት ሰው ነው፣ ሺዎች ጎረፉ። ረብሻ ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ ፕሮግራሙ ቆመ። እንደገና የተጀመረው በኤፕሪል 2004 ነው።

ያኔ ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ጠመንጃ ይዘህ ና፣ ካልሆነ 150 ጥይት ይዘህ ና። በሁለት ጊዜ ተከፍሎ 300 ዶላር ታገኛለህ። እንግዲህ አስቡት። አዛዡ የጥይት ሣጥን ይፈታል፣ 150 150 አድርጎ ለዘመድ አዝማዱ ያድላል፣ ከዶላሩ ድርሻውን ይቀበላል። ጠመንጃው ቤት ይቀራል። መጨረሻ ላይ ከ100,000 በላይ ሰው «ታጣቂ ነበርኩ» ብሎ ተመዘገበ። የተሰበሰበው መሣሪያ 28,000 ገደማ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ሰልፉ ላይ አየሁ። ጥይቱን በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል። ጠመንጃ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ የሚያውቅ አይመስልም። አስተርጓሚያችን «የጦር መሪው አማች ነው» አለኝ።

ያም ሆኖ ስህተት ነበር አልልም። 300 ዶላሩን ከተቀበሉት ልጆች ብዙዎቹ ሞተር ሳይክል ታክሲ ገቡ። እዚያ «ፔን ፔን» ይሉታል፣ በጥሩምባው ድምፅ ነው። ትናንት ኬላ ላይ መንገደኛ ሲዘርፍ የነበረ ልጅ ዛሬ መንገደኛ ጭኖ ሒሳብ ይቀበላል። ሴራሊዮንም እንዲሁ ነው የሆነው፣ እነ ቦ እነ ማኬኒ ከተማ ላይ ማኅበር አቋቁመው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲከራከሩ ነበር። ክርክሩ በአፍ ነው፣ ድሮ ቢሆን በጥይት ነበር።

ፒያሳ_ማኪያቶ

ጋሼ፣ 150 ጥይት ለ300 ዶላር! እኛ ሰፈር ይህን ቢያወሩ ሌላ ጦርነት ይነሳል 😂

ግን ይቀጥሉልን። እዚህ ቤት የእርስዎን ያህል በዓይኑ ያየ ሰው የለም።

ቡና_ያለ_ስኳር

ጋሽ ሰማያዊ ቆብ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰልፉ ላይ ሴቶች ነበሩ?

የምጠይቀው ስለማውቅ ነው፣ አይቀየሙኝ። ሴራሊዮን ውስጥ ከ72,000 በላይ ሰው ትጥቅ ፈቷል። ሴቶቹ ከመቶ ሰባት አይሞሉም። ጫካ ውስጥ ግን ከዚያ በጣም ይበልጡ ነበር። ምግብ ያበስላሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ ይደፈራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይዋጋሉም። ፕሮግራሙ «ጠመንጃሽ የታለ?» አላቸው። ጠመንጃውን ደግሞ «ባል» ተብሎ የተሰጣት ሰውዬ ይዞት ሄዷል። እሷ ልጅ አዝላ ባዶ እጇን ሀገሯ ገባች። ቤተሰብም «የአማፂ ልጅ» ይላታል። ኩፖን የለ፣ ምን የለ።

ደግሞ ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ስትጽፉ የላይቤሪያን ጦርነት ያስቆሙት እነማን እንደሆኑ ረሳችሁ። በ2003 ሞንሮቪያ ዓሣ ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ነጭ ቲሸርት ለብሰው ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። ክርስቲያንም ሙስሊምም። ፕሬዝዳንቱ ቻርልስ ቴይለር በዚያ መንገድ ነበር የሚያልፈው። ድርድሩ ወደ ጋና ሲዛወር ተከትለው ሄዱ። ወንዶቹ አክራ ሆቴል ተቀምጠው ሥልጣን ሲከፋፈሉ፣ የሴቶቹ መሪ ሊማ ቦዊና ጓደኞቿ የአዳራሹን በር ይዘው «ሳትስማሙ አትወጡም» አሉ። ጠባቂዎቹ ሊያነሷቸው ሲሞክሩ ቦዊ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። እናት ፊትህ ራቁቷን ስትቆም እርግማን ነው። ጠባቂው ሸሸ። ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ እናቶቻችን ነጠላቸውን ሲያነጥፉ የሚሆነውን እናውቃለን።

ሰማያዊ_ቆብ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ነበሩ፣ ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ከካምፑ አጥር ውጭ ተቀምጠው ነው የማስታውሳቸው። ጠመንጃ የሌላቸውን የምንመዘግብበት መንገድ እኛ ጋ አልነበረም። እንጀራችንን አካፍለናቸዋል፣ ያ ግን ሥርዓት አይባልም።

ወሎዬ

የወታደር ልጅ ስለ ጎረቤት ያልከው ገብቶኛል። ሞዛምቢክ ውስጥ ይህን የሠራው የተመድ ካምፕ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ነው።

ከጫካ የተመለሰን ልጅ እንዲህ ያደርጉት ነበር። ከሳር ትንሽ ጎጆ ይሠራሉ። ልጁ የጫካ ልብሱን እንደለበሰ ይገባል። ጎጆው በእሳት ይለኮሳል። ከዘመዶቹ አንዱ እየሮጠ ያወጣዋል። ልብሱ፣ ከጫካ ያመጣው ነገር ሁሉ እዚያ ይቃጠላል። ከዚያ የዕፅዋት ጭስ ይታጠናል፣ መድኃኒት ባለበት ውኃ ይታጠባል። የገደለው ሰው መንፈስ እንዳይከተለው ነው። ያ ሁሉ ሲሆን «ምን አደረግክ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ደም የምናደርቅበት ሥርዓት አለን። በ2018 አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው የተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው ያስቆሙት በዚሁ ነው። የኛ ሽማግሌ ግን ይጠይቃል። ገዳይ ይናገራል፣ ካሳ ይቆረጣል። የሞዛምቢኩ በዝምታ ነው የሚያልፈው።

ቀጥተኛ

ዝምታው ነው ችግሩ። ሞዛምቢክ ስምምነቱ በተፈረመ በቀናት ውስጥ ምሕረት አወጀች። የእውነት ኮሚሽን የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞቶ አንድ ሰው እንኳ አልተጠየቀም! ሬናሞ የሰው ጆሮና ከንፈር ሲቆርጥ ነበር፣ መንግሥትም ንጹሕ አይደለም።

ሩዋንዳን እዩ። ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ ከ120,000 በላይ እስረኛ ነበራት። በመደበኛ ፍርድ ቤት ብትሞክር ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ጋቻቻን አቆመች። ሳር ላይ ተቀምጦ፣ በሰፈሩ ሰው ዳኝነት። በ2012 ሲዘጋ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አይቷል። ለሩዋንዳ ተብሎ አሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሃያ ዓመት የከሰሰው 93 ሰው ነው።

ወሎዬ

ቀጥተኛ፣ ስምህን አክብረህ ሙሉውን ተናገር እንጂ። ጋቻቻ የአሸናፊውን ጦር ወንጀል እንዲያይ አልተፈቀደለትም። የሞተበት ሰው ሁሉ አልተጠየቀለትም። መስካሪም ተገድሏል። ጎረቤት ለመሬት ብሎ ጎረቤቱን የከሰሰበትም ብዙ ነው።

የኛን ደግሞ አትርሳ። የቀይ ሽብሩ ችሎት በ1994 ተጀምሮ ዋናው ፍርድ የተሰጠው በዲሴምበር 2006 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት። ዋናው ተከሳሽ ሐራሬ ነው። ሟቾቹ ልጆቻቸው የሆኑ እናቶች ስንቱ ፍርዱን ሳይሰሙ አረፉ።

አወያይ

ሁለት አስተያየቶችን አንስቻለሁ። ማን እንደጻፋቸው ራሳቸው ያውቃሉ። «የእናንተ ሰዎች» የሚል ቃል እዚህ ክር ውስጥ አይገባም። ቀጥሉ።

የጄፒ_ሱቅ

ሰላም ከጆበርግ። ክሩን ያየሁት ዘግይቼ ነው፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሱቄ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሞዛምቢካዊ አለ። የሶፋላ ልጅ ነው፣ ማለትም ዋናው ጦርነት ከነበረበት። የጉለሌው የጻፍከውን እየተረጎምኩ ነገርኩት። ሳቀ። «አበቃ ብለው ነው የሚያወሩት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ደህና ከረመ። ፍሬሊሞ ግን ምርጫ በመጣ ቁጥር ያሸንፋል። የ1999ኙን ምርጫ ሬናሞ ተቀማሁ ብሎ ያምናል። የወረዳ ሹመት፣ ቢዝነስ፣ ወታደራዊ ማዕረግ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሄደ። የድላካማ የድሮ ጠባቂዎች ደግሞ መሣሪያቸውን ሙሉ በሙሉ አስረክበው አያውቁም። በ2013 ተመልሶ ፈነዳ። በዋናው የሰሜን ደቡብ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሳቬ ድልድይ እስከ ሙሹንጌ ድረስ፣ መኪና የሚሄደው በወታደር ታጅቦ ነበር። አውቶብስ፣ ጭነት፣ የቤት መኪና ሁሉ ይሰለፋል፣ ከፊትና ከኋላ ወታደር። ይሄ ልጅ ያኔ ከእናቱ ጋር አውቶብስ ውስጥ ነበር። መስኮቱን በፍራሽ ከልለው ነው የተጓዙት። እናቱ በመጀመሪያውም ጦርነት ይህንኑ መንገድ ታውቀዋለች። «ያኔም እንዲህ ነበር፣ ዝም በል» አለችው።

ድላካማ በ2018 ጎሮንጎሳ ውስጥ ታሞ ሞተ። በ2019 አዲስ ስምምነት ተፈረመ። ከ5,000 በላይ የሬናሞ ታጣቂ ነው እንደገና የተሰናበተው። የመጨረሻው ካምፕ የተዘጋው በጁን 2023 ነው። አንዳንዶቹ ፀጉራቸው ሸብቷል። በ1992 ልጆች የነበሩ ናቸው።

የጉለሌው

ይህን ነው የምፈልገው! አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ክርክሬን ግን አይጥለውም። የ1994ቱ ኩፖን ተራውን ወታደር በትኖታል። በ2013 የተነሱት በአለቃቸው ዙሪያ የቀሩት ናቸው። ከዚያ ያለው የፖለቲካ ጥፋት ነው፣ ያሸነፈው ለተሸነፈው ምንም አላስቀረለትም። በ1994 ድላካማ 33 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝቷል። አንድ ሦስተኛ ሕዝብ የመረጠው ሰው በየክፍለ ሀገሩ አንድ አስተዳዳሪ እንኳ የመሾም ዕድል አልነበረውም።

ፒያሳ_ማኪያቶ

ከርዕስ ልውጣ። ሞዛምቢክ ውስጥ ፈንጂ በአይጥ ነው የተነቀለው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?

ሰማያዊ_ቆብ

እውነት ነው። በአይጥ ብቻ አይደለም እንጂ። ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ላይ ያሠለጥኗቸዋል። ትልልቅ ናቸው፣ የድመት ያህል። የፈንጂውን ሽታ ይለያሉ። ፈንጂው የሚፈነዳበት ክብደት ስለሌላቸው ረግጠውት ያልፋሉ። ሲያገኙ መሬቱን ይጭራሉ፣ ሙዝ ይሰጣቸዋል። ሞዛምቢክ በ2015 ከፈንጂ ነፃ ተብላለች። ጦርነቱ ካበቃ ከ23 ዓመት በኋላ። ገበሬው እስከዚያ ድረስ እያንዳንዷን እርሻ በፍርሃት ነው የሚረግጠው።

ቡና_ያለ_ስኳር

ከርዕስ መውጣትማ አይደለም። መሬቱ ካልታረሰ ማን ይረጋጋል?

እግረ መንገዴን፦ የሞዛምቢክ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በ1995 መሣሪያ ላመጣ ሰው መቆፈሪያ፣ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና ይሰጥ ነበር። አንድ መንደር ተሰብስቦ አስረክቦ ትራክተር ወስዷል። ከተቆራረጠው ጠመንጃ የተሠራ ወንበር ለንደን ብሪትሽ ሙዚየም አለ። ከ300 ዶላሩ ይልቅ የስፌት መኪናው ይሻለኛል። የስፌት መኪናውን አዛዡ ድርሻዬ ብሎ አይቆርጠውም።

ቀጥተኛ

ወይ መኪናውን ራሱን ይወስደዋል።

የወታደር_ልጅ

የኛ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ ታጣቂ እንደሚያሰናብት ነው የተነገረው። ትግራይ ውስጥ በኖቬምበር 2024 ተጀምሯል። የጄፒ ሱቅ፣ ለጓደኛህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በ2023 ለተሰናበቱት የሬናሞ ሰዎች ጡረታ ይሰጣል ተብሎ ነበር። ይደርሳቸዋል?

የጄፒ_ሱቅ

ጠየቅኩት። አጎቱ ከነሱ አንዱ ነው። ካምፑን የዘጋው በጡረታ ተስፋ ነው አለኝ። ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ ነው መንግሥት ደንቡን ያወጣው። የአጎቱ ችግር ሰነድ ነው። ጫካ የገባው በልጅነቱ ነው፣ የልደት ወረቀት አልነበረውም። በ1994 የተመዘገበበት ዕድሜና በኋላ መታወቂያ ሲያወጣ የሰጠው ዕድሜ አይገናኝም። ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። ቢሮው ያለው ከተማ ነው፣ ትራንስፖርቱ ከሚጠብቀው የወር ጡረታ ብዙም አያንስም። አሁን የሰፈሩ አለቃ ሦስት ምስክር ይዞለት ሊሄድ ነው።

ሰማያዊ_ቆብ

ልጄ፣ የአባትህ የሠራዊት መንጃ ፈቃድ በመጨረሻ ዞረለት?

የወታደር_ልጅ

አዎ ጋሼ። ከባድመ ከተመለሰ በኋላ። እስከ ጡረታው ድረስ የመንገድ ሥራ ገልባጭ ነዳ።

ሰማያዊ_ቆብ

ደግ። እኔ ከላይቤሪያ በፊት በ2003 ቡሩንዲም ነበርኩ፣ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር። ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ወታደሮች ጋር አብረን ነበር የሠራነው። ሞዛምቢኮቹ ስለ ራሳቸው ሀገር ያወሩን የነበረው ከዚህ ክር ጋር ይሄዳል። ለብቻው ልክፈተው?

የጉለሌው

ይክፈቱት ጋሼ። እዚህ ሊንኩን አስቀምጡልን።